ቁልፉ በእጅ፣ ቤቱ በሰው ስም

«እህቴ፣ ቁልፉ እጅሽ ገባ፣ ውክልናው ቦርሳሽ ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያስጨንቅሻል?»

ይህን ያላት ደላላው ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም፣ ቦታው ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ባልነካው ባዶ ሳሎን ውስጥ። እሷም አልተጨነቀችም። እንዲያውም እልል ልትል ምንም አልቀራት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤይሩትና ዱባይ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ፣ አሁን የራሷን በር በራሷ ቁልፍ ከፈተች! ብዙም ሳትቆይ ሴራሚክ አስነጠፈች። የኩሽና ቁም ሣጥን አሠራች። በረንዳውን በብረት አስዘጋች። እናቷን ከገጠር አምጥታ መኝታ ቤቱን ለቀቀችላቸው፤ እሷ ሳሎን ተኛች።

በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ግድም፣ አንድ እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንድ ጎልማሳ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ከኋላቸው ደግሞ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ።

«ደህና አደርሽ እህቴ» አለ ጎልማሳው፣ እንደ ማፈር እያለ። «እኛ የቤቱ ባለቤት ልጆች ነን። አባታችን ካረፉ አርባቸው ወጣ። ቤቱን እንድናየው ብለን ነው።»

«የቤቱ ባለቤትማ እኔ ነኝ!» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ጉልበቷ ከዳት።

ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው? ገንዘቡን የከፈለችው፣ ቁልፉን የያዘችው፣ ሴራሚኩን ያስነጠፈችው ሴት? ወይስ ስማቸው ካርታው ላይ ያለው፣ አሁን አፈር የለበሱት ሰውዬ? በሠፈር ሸንጎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው። በሕግ ፊት ግን ሌላ ነው። ታሪኩን የሰማሁት ልደታ አካባቢ ቢሮ ካላቸው አንድ ጠበቃ ዘንድ ሲሆን፣ ባለታሪኳም ስሟ እንዳይጠቀስ እንጂ ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። «ሌላዋ እንደኔ እንዳትሆን» ነው ያለችው።

ጠበቃው ያመጣችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ከውስጡ የወጣው የስንት ዓመት ላብ ነው። አንድ የውክልና ሰነድ፤ በሦስት ምስክር ፊት በእጅ የተጻፈ የሽያጭ ውል፤ በሟቹ ስም ለባንክ የገባ የወር ክፍያ ደረሰኝ በላስቲክ ታስሮ፤ የሴራሚክና የብረት ሥራ ደረሰኝ። ሌላ የለም።

«እህቴ፣ ይህንን ውል ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግባችኋል?» አሏት።

«አይ፣ ደላላው አምስት ዓመት ስላልሞላው አይመዘገብም፣ ውክልናው ይበቃል አለኝ።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነውና።

በመንግሥት የቤቶች ልማት ፕሮግራም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ከተረከበ በኋላ ለአምስት ዓመት ለሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ ተከልክሏል። በውርስ ካልሆነ በቀር። ይህን ደላላው አሳምሮ ያውቃል። ሻጩም ያውቃሉ። እሷም በግማሽ ጆሮዋ ሰምታለች። ታዲያ ገበያው በምን መላ ቀጠለ? በውክልና! ሻጭ ለገዢ ውክልና ይሰጣል፤ ውሉ በመንደር ይጻፋል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ «በውክልናው ስም ታዛውሪያለሽ» ይባላል። በዚህ መንገድ የተሸጠው ቤት ስንት እንደሆነ መቼም እግዜር ይወቀው። አብዛኛው ሰው ሳይነካ ያልፋል፣ እውነት ነው። ሻጩ በሕይወት ቆይተው፣ ሐቀኛ ሆነው፣ ሚስት ሳትቃወም፣ ልጅ ሳይጠይቅ፣ ዋጋው ሳያስጎመጅ አምስት ዓመት ከሞላ ማለት ነው። ይህን ሁሉ «ከሆነ» ተሸክሞ መኖር ግን ቤት መግዛት ሳይሆን ሎተሪ መቁረጥ ይመስለኛል።

ውክልና ምንድን ነው? ውክልና ማለት «በእኔ ስም፣ በእኔ ፋንታ ሥራልኝ» ማለት ነው። ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ወካዩ ባሻው ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ደላሎች «የማይሻር ውክልና» እያሉ የሚሸጡት ነገር ገዢን ከማስተኛት በቀር የሚፈይደው እምብዛም ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናውም አብሮ መሞቱ ነው፤ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2232 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር እንዲህ ይላል። ሰውዬው ነሐሴ ላይ ካረፉ፣ በነሐሴው ማግስት ያ ወረቀት የተቀደደ ያህል ነው። ይህን ደብቆ በሟች ውክልና ስም ለማዛወር መሞከር ደግሞ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወደ ወንጀል ይወስዳል። ባለታሪካችንም «ሳይሰሙ ቶሎ አዛውሪው» የሚል መካሪ አላጣችም ነበር። ጠበቃው ናቸው በጊዜ የያዟት።

ሌላም አለ። ተራ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም። እዚያው ሕግ ቁጥር 2205 ላይ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። «ንብረቴን ሁሉ ያስተዳድርልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ «ልሽጥልህ» የሚል ሰው ከመጣ፣ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ አለ ወይ ብሎ ማንበብ ነው። የመሻሪያ ወረቀት ገብቶ እንደሆነም ውክልናውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማጣራት ይቻላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን!

ወደ መንደሩ ውል እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ለብዙ ዘመን ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ አልተስማሙም ነበር። አንዱ ዳኛ የመንደር ውል ይበቃል ሲል ሌላው አይበቃም ይል ነበር። በ1999 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም የሚል አቋም ያዘ። የሰበር የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ በዚያን ሰሞን ስንቱ ገዢ በየችሎቱ ደረቱን መታ። በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ ነገሩ ለስለስ የሚልበት መንገድ ተከፍቷል። ታዲያ በሻጭ አለመካድ ላይ ቤት ይሠራል?

«ስለዚህ እኔ ምንም የለኝም ማለት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ገንዘብሽ አለ» አሏት ጠበቃው። «ውሉ ፈራሽ ቢባል ወደ ነበርሽበት ትመለሻለሽ። 650 ሺህ ብር ከፍያለሁ ይላል ወረቀቱ። ያ ይመለስልሻል።»

650 ሺህ ብር! በ2011 የአሥራ አንድ ዓመት ጉልበት ነበር። በክርክሩ ጊዜ ግን ያንን ቤት ቀርቶ ግማሹን አይገዛም ነበር። በሕግ ወደ ነበሩበት መመለስ ይህን ይመስላል። ብሩ ይመለሳል፣ ዘመኑ ግን አይመለስም።

በነገራችን ላይ የዚህች ሴት ውል ቢያንስ እውነተኛውን ዋጋ ይናገራል። ብዙዎቻችን እሱንም አንጽፍም። ጠበቃው ሌላ ያስቸገራቸውን ጉዳይ አጫወቱኝ። አንድ ነጋዴ ግቢ ያለው ቤት ገዛ። ይኼኛው የመንደር ውል ሳይሆን ወግ ባለው መንገድ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ፣ ፈርሞ፣ አስመዝግቦ ነው የገዛው። ሻጩም «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አቅርቧል። የተከፈለው ዋጋ ሌላ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን የዚያ ሲሶ ነው፤ ያው «ግብሩ እንዲቀንስ» ተብሎ። ከዓመት በኋላ ከውጭ አገር አንዲት ሴት መጣች። የሻጩ ሚስት! «ያላገባ» የተባለው ማስረጃ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ ዕዳ ለማስያዝ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሶ ሊያፈርሰው ይችላል። ሚስትዬዋም በጊዜው ደርሳ አፈረሰችው። ነጋዴው «ገንዘቤ ይመለስ» ሲል ስንት ተመለሰለት መሰላችሁ? ውሉ ላይ የተጻፈው! ቀሪውን በጥሬ እንደ ሰጠ ምስክር ልጥራ ቢል፣ በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ስለሆነ በቃል ምስክር አይስተባበልም ተባለ። ከግብር ያተረፈው መስሎት ከቤቱ ዋጋ ሁለት እጁን አጣ። እኔ ለዚህ ሰው አዝናለሁ፤ ግን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አላዝንለትም።

እንግዲህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከደላላው በፊት መጠየቅ ያለበት መሥሪያ ቤቱን ነው። ካርታው እውነተኛ ነው? በማን ስም ነው? ባንክ አስይዞት ይሆን? ፍርድ ቤት አግዶት ይሆን? «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለውን ማረጋገጫ ሻጩ «አለኝ» ሲል ማመን ሳይሆን አዲስ የተጻፈውን ማየት ነው። የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ማረጋገጫ የሦስት ወር ወሬ ነው። ጎረቤት መጠየቅም አይከፋም። ቤቱ ክርክር ካለበት መጀመሪያ የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ሳይሆን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው። ከዚያ ባልና ሚስት ሁለቱም ቀርበው ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ፣ የወራሽነት ማረጋገጫቸውን ይዘው። አንዱ «እኔ ታላቅ ነኝ፣ በእኔ ይለቅ» ካለ... አይለቅም።

መፈረም ብቻውንም አይበቃም፣ ስም ማዛወር አለ። ብዙ ሰው ውልና ማስረጃ ፈርሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጠላ ጠምቆ ይቀመጣል፤ ስሙን ለማዛወር ግን ዓመት ያቆያል። ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ደግሞ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም። ሻጩ ላይ ዕዳ ያለው አንድ አበዳሪ መጥቶ ያንኑ ቤት ቢያሳግድ «እኔ ገዝቼዋለሁ» ማለት ረጅም ክርክር ይሆናል።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ልበል። ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሐሳቡን ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ሕጉ እንዲህ ነው። ይህን ብዙ ሻጭ አያውቅም። «ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ሰጠኝ፣ እንካ ቀብድህን» ብሎ ሲመልስ ገዢው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። አይቀበል! ወረቀቱ ላይ ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል ይኑር። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ክርክር ያመጣል።

ውጭ አገር ላሉትም ቃል አለኝ። ወንድም ዋሽንግተን ሆኖ ገንዘብ ይልካል፤ እህት አዲስ አበባ ሆና በስሟ ትገዛለች፤ «ለጊዜው በስምሽ ይሁን» ይባላል። ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ባለቤት እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ነገ እህት ብታገባ፣ ብትፋታ፣ ብትሞት ወንድም ከአማቹ ጋር ሊሟገት ነው። ገንዘቡ በባንክ ከተላከ ደረሰኙ፣ በመካከላቸውም አንድ የተመዘገበ ስምምነት ይኑር። «እህቴ ናት፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚል ሁሉ ልደታ ችሎት አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ሐሳቡን ይቀይራል። እዚያ የሚካሰሱት እኮ ባዕድ ለባዕድ አይደሉም።

ለመሆኑ እኛ አዲስ አበቤዎች ስለ ካርታ ሲነሣ ለምን ደም ሥራችን ይገታተራል? ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም፣ አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተባለ፤ የግል ቤት ማከራየት ቀረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። አከራይ የነበረው በአንድ ጀምበር ተከራዩን ሰላም የሚል ጎረቤት ሆነ። መሬት እስከ ዛሬ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምንሸጠው ቤቱን ነው፤ ቦታው ላይ ያለን የመጠቀም መብት ነው። «ባዶ ቦታ እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

ለመግዛት ያልደረስን፣ እኔን ጨምሮ፣ ኪራይ ላይ ነን። ይህ ጽሑፍ አቅራቢ በተከራይነት ዘመኑ ሰባት ጊዜ ዕቃ በጭነት መኪና አግዟል። ከሰባቱ አምስቱ «የውጭ አገር እንግዳ ይመጣብኛል» በሚል ምክንያት ነበር። ከእንግዶቹ አንዱንም አላየሁም።

አሁን ሕግ አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ ይላል፤ በአዲስ አበባ ምዝገባው በየወረዳው ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ ሲሆን፣ ጣራውን ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ መጨረሻ ላይ ያስታውቃል። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ቤቱ ቢሸጥ ወይም በውርስ ቢተላለፍ እንኳ ተከራዩ በማግስቱ አይባረርም፣ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ አለው። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለሱቅና ለቢሮ አይደለም። የንግድ ቤት ተከራይ «አዋጁ ይጠብቀኛል» ብሎ እንዳይዘናጋ።

ወረቀቱ ላይ መልካም ነው። ኑሮውስ? አንዲት ወጣት እናት ያጫወተችኝን ስሙ። ከባሏ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይታለች። አከራይዋን «እትዬ» ነው የምትላቸው፤ ልጇን ያዩላታል፣ ቡና አብረው ይጠጣሉ። አንድ ቀን እትዬ ቡናው ላይ «ልጄ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሦስት ሺህ ትጨምሪያለሽ» አሉ። ውላቸው ወረዳ የተመዘገበ ነው። የተመዘገበው ግን በግማሽ ዋጋ ነው፤ እትዬ ግብሩን ፈርተው፣ ተከራይዋም ቤቱን እንዳታጣ ፈርታ በሁለት ዋጋ ተስማምተው ነበር። ግማሹ በባንክ፣ ግማሹ በእጅ።

አሁን ትክሰስ? ብትከስ የራሷም ውሸት ይወጣል። ዝም ትበል? ሦስት ሺህ ብር የልጅ ወተት ነው። አከራይዋንም ሰማኋቸው፣ አልዋሽም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺ የሁለት ክፍል ኪራይ ናት የሚያኖራቸው፤ የጡረታ ብሯ ለመድኃኒት አትበቃም። «ጤፉ ሲጨምር አዋጅ ማን አወጣልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጠበቃውን ጠየቅኳቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «መጀመሪያ ወረዳ ሄደው እውነተኛውን ዋጋ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ጭማሪው ከተፈቀደው ጣራ ጋር ይነጻጸር። ሁለት ዋጋ ያለው ውል ለሁለቱም ገመድ ነው።» አከራይ ተከራዩን በእጅ ያገኘውን ገንዘብ «አልተቀበልኩም» ሊለው ይችላል። ተከራይም አከራዩን «ግብር ደብቀሃል» ብሎ ሊያስፈራራው ይችላል። እንዲህ ተፋጥጠው ቡና ይጠጣሉ።

ሁለቱ ሴቶች በስተኋላ ወረዳ ሄደው ዋጋውን አስተካከሉ። እትዬ ግብሩ ጨመረባቸው፣ ተከራይዋም ጭማሪው ቀነሰላት። ቡናው ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ አሉ።

ሁሉም እንዲህ በሰላም አያልቅም። መብራት የሚቆርጥ፣ ውኃ የሚዘጋ፣ ተከራይ ሥራ በሄደበት ቁልፍ የሚቀይር አከራይ አለ። ተከራይ ኪራይ ባይከፍል እንኳ ከቤት የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንጂ የአከራይ ጉልበት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያንኑ ቀን ወረዳና ፖሊስ ማመልከት፣ ዕቃው ውጭ ከተጣለ ፎቶ ማንሣት፣ ፍርድ ቤትም የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። ተከራይም ብፁዕ አይደለም። ሦስት ወር ሳይከፍል በር የሚዘጋ፣ ሳያስፈቅድ ለሌላ አከራይቶ የሚያተርፍ፣ ሲወጣ አምፖል ሳይቀር ነቅሎ የሚሄድ አለ። ስለዚህ ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰበረ መስኮት ካለ እሱንም ጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። አሥር ደቂቃ ነው።

«ጠበቃ ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለክርክር ውድ ነው። ለምክር ግን ያን ያህል አይደለም። ሰው ለደላላ ከቤቱ ዋጋ ላይ ኮሚሽን ሲከፍል ዓይኑን አያሽም፤ ውሉን ለሚያነብለት ባለሙያ የአንድ ሰዓት ሒሳብ ሲባል ግን ይቆጨዋል። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ እንዲያልቅ እንጂ እንዲጣራ አይቸኩልም። በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉልን ወገኖችም እንጀራቸው ነው፣ አልነቅፋቸውም። የሚሊዮን ብር ውል ግን በእነሱ አይጻፍ። «ጠበቃ ነኝ» የሚል ሰው የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከጠበቃ ጋር የሚደረግ የክፍያ ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን።

ገንዘብ የሌለው ሰውም መንገድ አለው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ደግሞ ድህነቱን አስረድቶ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይፈቅዳል። ፎርሙን ለመሙላት አያፍሩ።

የመጀመሪያዋን ሴትስ የት አደረስናት?

ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። ወራሾቹ መጀመሪያ ቤቱን ልቀቂ አሉ። እሷም ገንዘቤንና ያወጣሁትን ወጪ አሉ አለች። የሴራሚኩ ደረሰኝ፣ የብረት ሥራው ደረሰኝ፣ በላስቲክ የታሰረው የባንክ ደረሰኝ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በመካከሉ ጥቁር ለብሳ የመጣችው የሟች ልጅ «አባቴ እንደሸጡት እኔም አውቃለሁ፣ የእሳቸውን ነፍስ በሐሰት አላስጨንቅም» ብላ ወንድሟን ተቆጣች። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ወደ ሽማግሌ ሄደ። አምስት ዓመቱም በክርክሩ መሐል ሞላ። ተስማሙ። ሴትዮዋ በላዩ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ልትከፍል፣ ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫቸውን ይዘው ስሙን በሕጋዊ መንገድ ሊያዛውሩላት። ለተጨማሪው ገንዘብ ከዱባይ ያመጣችው ወርቅ ሄደ፤ ከእናቷ የተሰጣት ሐብል ብቻ ቀረ።

ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊጸድቅ ሲል ሌላ ነገር መጣ። ሦስተኛዋ ወራሽ፣ ያቺ በር ላይ ከኋላ የቆመችው ልጅ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላትም። የሕፃን ድርሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም። ታላቅ ወንድሟ ሞግዚት መሆኑ መረጋገጥ፣ ድርሻዋም በማን ስም፣ በየትኛው ባንክ እንደሚቀመጥ መታወቅ ነበረበት። ጠበቃው ይህን ሲነግሯት ሴትዮዋ ሳቀች አሉኝ። ከዚያ ፌስታሉን ትታ የገዛችውን አዲሱን የፕላስቲክ ክላሰር ከፍታ «ለዚህ ደግሞ ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብላ ጻፈች።

ዳኛው የሞግዚትነቱ ማስረጃ ተሟልቶ እንዲቀርብ ለኅዳር ቀጠሮ ሰጥተዋል። እናቷ አሁንም መኝታ ቤቱን ይዘዋል፤ እሷ ሳሎን ናት።